ስምንት ቁጥር ለዞረ ሁሉ የሞተር መንጃ ፈቃድ? ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለፈተና ክፍሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። ይሄን ደብዳቤ ምንጽፈው የሞተር ሳይክል አሰልጣኞች ነን፣ እኛ ጋ ተምረው ፈቃድ ያወጡ ሞተረኞችም አብረውን አሉበት። ለመጻፍ ያነሳሳን የመንገድ ላይ ፈተናው ቀርቶ የሞተር ተፈታኝ ግቢ ውስጥ ብቻ እንዲፈተን መወሰናችሁ ነው። ምክንያቱ ተነግሮናል፣ ወረፋ በዝቷል፣ ፈታኝ አንሷል፣ አንድ ተፈታኝ ይዞ መንገድ መውጣት ጊዜ ይፈጃል። ወረፋው እውነት ነው፣ ተማሪዎቻችን ሲጉላሉ እኛም እናያለን። ግን ከዛ በፊት የነበረው ፈተናም ቀላል ነው ብለን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን መልስ ሳናገኝ ነው አሁን ጭራሽ የነበረችውም የተቀነሰችው። ስለዚ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርገን መጻፍ ግድ ሆነብን።

ፈተናውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንናገር። ተፈታኙ በኮኖች መሃል እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ ስምንት ቁጥር ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ የተሰመረው መስመር ጋ ይቆማል፣ ፍሬቻ ያሳያል፣ አለቀ። እግሩ መሬት ከነካ ወይ ኮን ከጣለ ይወድቃል። ከአንደኛ ማርሽ መውጣት አይጠበቅበትም፣ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፊቱ መኪና የለ፣ ከጎኑ መኪና የለ፣ ዘው የሚል እግረኛ የለ፣ መሬቱ ደረቅና ለጥ ያለ። ይሄን ያለፈ ሰው በማግስቱ ከከባድ መኪና ጎን ለጎን በ60 በ80 መንዳት ተፈቅዶለታል ማለት ነው።

ቀስ ብሎ መንዳት መቻል አይጠቅምም እያልን አይደለም፣ በደንብ ይጠቅማል፣ ፍሪሲዮንና ጋዝን አስማምቶ መያዝ የማይችል ሰው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ግን እሱንም ቢሆን ጠበቅ አድርጎ መፈተን ይቻላል። ጃፓን ውስጥ ትልቅ ሞተር ለመንዳት የሚፈተን ሰው ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር በሆነች ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለች ጠባብ ድልድይ መሰል ነገር ላይ ሳይወድቅ ማለፍ አለበት፣ ያውም 10 ሰከንድና ከዛ በላይ ወስዶ፣ ቶሎ ካለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። የኛ ስምንት ቁጥር ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ የተለማመደ ሰው በቃሉ ይዞት የሚገባ ነገር ነው። እኛ ራሳችን እንዲያ አድርገን ነው ምናስገባው፣ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ዋናው ቅሬታችን ፍሬን ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብናደርግ በትዕግስት አንብቡልን።

ከኛ አንዱ ያስተማረው ልጅ ነበር፣ ሃያዎቹን የጀመረ፣ ረጋ ያለ፣ ቶሎ የሚገባው። ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራው አንድ ኮን ሳይነካ አለፈ፣ ፈታኙም ጎበዝ ብሎታል። ፈቃዱን በያዘ በሦስተኛው ሳምንት ቀጥ ባለ መንገድ እየሄደ እያለ ከፊት ለፊቱ የምትመጣ መኪና ሳታየው አቋርጣው ታጠፈች። እየበረረ አልነበረም፣ ወደ 50 ገደማ ነው ሲሄድ የነበረው። ያን ሰዓት ያደረገው ፈተናው ላይ ያደረገውን ነው፣ የኋላ ፍሬኑን በእግሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የኋላ ጎማ ተቆለፈ፣ ሞተሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ልጁ ከነሞተሩ ሄዶ መኪናዋ ስር ገባ። በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን አንድ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይታጠፍም። አስተማሪው ሊጠይቀው ሄዶ የፊቱን ፍሬን ለምን አልያዝክም ሲለው "ትዝም አላለኝ" ነው ያለው። ያቺ ቃል እስካሁን ከአስተማሪው ጆሮ አልወጣችም።

ለምን ትዝ ይለዋል? ፈተናው መቼ ጠየቀው? ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የሰውየው ክብደት ወደፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ነክሶ ይይዛል፣ የኋላው ይቀላል፣ ስለዚ ሞተርን የሚያቆመው አብዛኛው ጉልበት ያለው ፊት ነው። ይሄን ግን በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማንም አያውቀውም፣ ምክንያቱም በዛ ፍጥነት የኋላውን ብቻ ብትረግጥም ሁለት ሜትር ምናምን ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ እንደውም ጀማሪ የፊቱን ጨበጥ ካደረገ ስለሚንገጫገጭና እግሩ ሊወርድ ስለሚችል "የፊቱን አትንካ" ብለው የሚያስተምሩ አሉ፣ ለፈተናው አሪፍ ምክር ነው፣ ለመንገድ ግን ሰው የሚገድል ምክር ነው። በ50 ስትሄድ ያለህ ጉልበት በ15 ካለህ ከ11 እጥፍ በላይ ነው፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የማቆሚያው ርቀት የሚያድገው በካሬ ስለሆነ። በግምት እናስላው፣ በ50 የሚሄድ ሞተረኛ በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ፍሬን በደንብ መያዝ የሚችል ሰው ፍሬን ከያዘ በኋላ በ12 ሜትር ገደማ ይቆማል፣ የኋላውን ብቻ የረገጠው ግን 24፣ 25 ሜትር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሰውዬ ቆሞ ባለበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት እያለፈ ነው። ሁለቱም ግን አንድ አይነት ፈተና አንድ አይነት ነጥብ አምጥተው ነው ያለፉት፣ ፈተናው የትኛው ማን እንደሆነ ለይቶ አያውቅም።

ይሄ ደግሞ የኛ ግምት ብቻ አይደለም፣ ከ40 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው አንድ በአንድ መርምረው በፈረንጆቹ 1981 ውጤቱን አወጡት። መኪናና ሞተር ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የከለከለው ባለመኪናው ነበር። ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ የነበረው ጊዜ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነው። ከአደጋው በፊት የነበረው ፍጥነት መካከለኛው 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ማለትም ግማሾቹ ከዛ በታች ነበሩ፣ ስለዚ ነገሩ የሚበሩ ጎረምሶች ጣጣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሞተረኞቹ በጭንቅ ሰዓት ምን አደረጉ ሲባል ብዙዎቹ የኋላውን ረግጠው ተንሸራተቱ፣ የፊቱን በሚገባ ሳይጠቀሙበት ቀሩ። 92 በመቶዎቹ ደግሞ በራሳቸው ወይ ከጓደኛና ከቤተሰብ የተማሩ ነበሩ። የኛ ልጅ ላይ የደረሰው በሙሉ እዛ ተጽፎ ነበር። እሱ ሳይወለድ ተጽፎ ነበር።

ሁለተኛው ነገር መሸሽ ነው። ማቆም ካልተቻለ ዞር ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል፣ ሞተር ደግሞ ፍጥነት ላይ የሚዞረው ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም፣ ወደ ግራ መሄድ ከፈለግክ የግራውን የመሪ ጫፍ ወደፊት ትገፋዋለህ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ይጋደልና ይሄዳል። በቀስታ ፍጥነት ላይ ግን መሪውን ወደምትሄድበት ነው የምታዞረው። ስለዚ ፈተናችሁ የሚያስተምረውና መንገዱ የሚጠይቀው ተቃራኒ ናቸው። አንዲት ተማሪያችን ፈቃዷን ካወጣች ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ መጥታ "ኩርባ ላይ ሞተሩ እምቢ ይለኛል፣ ወደ ውጪ ይወስደኛል" አለችን፣ ባዶ ሜዳ ላይ ወስደናት በ40 እንድትገፋው ስናደርግ ሞተሩ ታዘዘላት፣ ወርዳ አለቀሰች። ስድስት ወር ሙሉ ሞተሯን መምራት ሳታውቅ ነው ስትነዳ የኖረችው፣ ፈቃድ ኪሷ ውስጥ ይዛ።

የአውሮፓ ኅብረት ይሄን ፈተና ውስጥ አስገብቶታል። በፈረንጆቹ 2006 የወጣውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው መመሪያቸው የሞተር ተፈታኝ ቢያንስ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ መሰናክል ሸሽቶ እንዲያልፍ፣ ቢያንስ በ50 ድንገተኛ ፍሬን ይዞ እንዲቆም ያዛል፣ ቀስ ብሎ የመንዳቱም ፈተና እንዳለ ሆኖ። ከዚህ ሌላ መንገድ ላይም ወጥቶ ይፈተናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ አስፋልት፣ ጥቂት ኮን፣ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። የማይቻል ነገር አልጠየቅንም።

መንገድ ላይ የሚደረገው ፈተና መቅረቱ የሚያሳስበን ለምን መሰላችሁ፣ የሞተር መንዳት ትልቁ ክፍል ያለው ዓይን ላይ ነው። መስቀለኛ ጋ ስትደርስ የቆመችው መኪና ጎማዋ ንቅንቅ ማለቱን ማየት፣ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ሰው ሊወጣ እንደሚችል ማሰብ፣ መስመር ከመቀየርህ በፊት ስፖኪዮ የማያሳይህን ቦታ አንገትህን ዞር አድርገህ ማየት፣ ሁሌም ሹፌሩ ሊያይህ የሚችልበት ቦታ ላይ መሆን። ይሄ ግቢ ውስጥ እንዴት ተደርጎ ይፈተናል? ከተማሪዎቻችን አንዱ ግቢ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ነበር፣ ይዘነው መንገድ ስንወጣ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ሳያይ መስመር ቀየረ፣ አንዴ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ክላክስ አድርጎ ነው ያተረፈው። እኛ አልደረስክም ብለን ሁለት ሳምንት ጨመርንበት፣ ተቆጣ፣ ሄዶ ተፈተነ፣ አለፈ። ከዛ በኋላ እኛ ምን እንበለው? እናንተ ደርሰሃል ብላችሁታል እኮ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማርሽ በሌላት ትንሽ ስኩተር ተፈትኖ ያለፈ ሰው በማግስቱ የፈለገውን የሚያህል ሞተር ላይ መቀመጥ ይችላል። ፍሪሲዮን ይዞ የማያውቅ ሰው 600 ሲሲ በሚያህል ትልቅ ሞተር ላይ! ሌሎች አገሮች ይሄን በደረጃ ከፍለውታል፣ አውሮፓ ውስጥ በ16 ዓመት 125 ሲሲና 11 ኪሎ ዋት ጉልበት ድረስ፣ በ18 ዓመት 35 ኪሎ ዋት ድረስ፣ ሁሉንም ለመንዳት ደግሞ ሁለት ዓመት ልምድ ወይም 24 ዓመት መሙላት። አውስትራሊያም ለጀማሪ 660 ሲሲ ድረስና ከክብደቱ አንጻር ጉልበቱ የተገደበ ሞተር ነው ምትፈቅደው። እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው።

የጽሑፍ ፈተናውም እንደዛው፣ ስለ ምልክቶች ይጠይቃል፣ የመኪናና የሞተር ተፈታኝ አንድ ወረቀት ነው የሚሞሉት። ዝናብ ሲጥል የተቀባው መስመርና የብረት ክዳን እንደ ሳሙና እንደሚሆን አይጠይቅም፣ ጠጠር ላይ እያጋደሉ ፍሬን መያዝ ምን እንደሚያመጣ አይጠይቅም፣ ሰው ስትጭን ሞተሩ እንዴት እንደሚለወጥ አይጠይቅም። ሄልሜት ማድረግ ግዴታ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ማሰሪያው ሳይታሰር የተደረገ ሄልሜት ግጭት ላይ ከራስ ላይ እንደሚበር ግን አይጠይቅም። በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው፣ ማሰሪያውን አገጩ ስር እያንጠለጠለ የሚፈተን ልጅ ግን ፈታኙ ፊት ቆሞ አይተናል፣ ማንም አላስተካከለውም።

ስለ ፈታኞችም እንናገር፣ ሰዎቹን ለመንካት አይደለም፣ ሥራቸውን በትህትና የሚሠሩ ናቸው። ግን አንዳንዶቹ ሞተር ነድተው አያውቁም። ሞተር ያልነዳ ሰው የተፈታኙ ዓይን የት እንደሚያይ፣ ጣቶቹ ፍሬኑ ላይ ዝግጁ መሆናቸውን፣ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ነው ወይስ ከመግባቱ በፊት ፍጥነት የቀነሰው የሚለውን ሊያይ አይችልም፣ የሚያየው ኮን ወደቀ አልወደቀም የሚለውን ነው። ፈተናውም የዛን ያህል ሆኖ የቀረው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

አሁን የራሳችንን ድርሻ እንናገር ብለን ነበር። አሰልጣኝ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። ተማሪው የከፈለው ፈቃድ ለማውጣት ነው፣ ቶሎ ያሳለፈ ማሰልጠኛ ጋ ይሄዳል፣ ድንገተኛ ፍሬን በ50 እያልን አምስት ቀን የምንጨምር ከሆነ "እዛ ማዶ ያሉት በሦስት ቀን ያሳልፋሉ" ይለናል፣ እውነቱን ነው ያሳልፋሉ። ከኛ መካከል ይሄን ፈርተው ማስተማር የነበረባቸውን ያላስተማሩ አሉ፣ ይሄን ደብዳቤ ከፈረምነው ውስጥም አሉ፣ ያ ጉልበቱ የማይታጠፈው ልጅ አስተማሪም አንዱ ነው። ፈተናው ከተለወጠ ግን ሁላችንም በአንድ ቀን እንለወጣለን፣ ምርጫ ስለማይኖረን።

የሚነሱብንን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። ፈተናው ከከበደ ሰው ያለፈቃድ ይነዳል የሚለው አንዱ ነው። ስጋቱ ልክ ነው፣ ያለፈቃድ የሚነዳው ሰው ደግሞ ይበልጥ አደጋ ላይ ነው። ግን የዚህ መፍትሄው ቁጥጥርና ቶሎ ቶሎ የሚደርስ የፈተና ቀጠሮ ነው፣ ፈቃዱን ባዶ ወረቀት ማድረግ አይደለም፣ ፈቃድ ያለውና የሌለው ሰው የሚያውቁት እኩል ከሆነ ፈቃዱ የሚለየው ምንድነው? ሌላው ደግሞ ስልጠና አደጋ እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም የሚለው ነው፣ ይሄም ውሸት አይደለም። በፈረንጆቹ 2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ፣ ጥናቶቹ ደካማ ስለሆኑ የትኛው ስልጠና እንደሚሠራ መናገር አልቻልኩም ብሎ ነው የደመደመው። እኛ ይሄን ስናነብ የገባን፣ ዝም ብሎ ሰዓት መጨመር ወይም ሞተረኛውን ቅልጥፍና አስተምሮ በራሱ እንዲተማመን ብቻ ማድረግ እንደማይበቃ ነው፣ ለዚህም ነው ከፍሬኑ እኩል የመንገድ ላይ ፈተናውን የምንለምነው፣ አደጋውን ከሩቅ አይቶ ፍጥነት የቀነሰ ሰው ድንገተኛ ፍሬኑም ላያስፈልገው ይችላል።

ስለዚ የምንጠይቀው ይሄን ነው። የመንገድ ላይ ፈተናው ይመለስ፣ ወረፋው አሳሳቢ ከሆነ ግቢውን ያላለፈ ሰው መንገድ ስለማይወጣ በሁለት ቀጠሮ መክፈል ይቻላል። በ50 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬንና መሰናክል ሸሽቶ ማለፍ ፈተናው ውስጥ ይግቡ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያልተጠቀመ ሰው ኮን ባይነካም ይውደቅ። አንገት ዞር አድርጎ አለማየት እግር መሬት ከመንካት በላይ ነጥብ ያስቀንስ። ማርሽ በሌለው ሞተር የተፈተነ በማርሽ አልባ ብቻ እንዲነዳ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፣ ለጀማሪም የሞተሩ ጉልበት ይገደብ። ለሞተር ተፈታኝ የራሱ የጽሑፍ ፈተና ይዘጋጅ። የሞተር ፈታኝ ሞተር የሚነዳ ሰው ይሁን፣ ለጊዜው ፈታኝ ካነሰ ከኛ መካከል ልምድ ያላቸው የራሳቸውን ተማሪ ሳይሆን የሌላውን እየፈተኑ ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኞች ናቸው፣ ስም ዝርዝራቸውን ለጽሕፈት ቤታችሁ አስገብተናል።

እነዚህን በአንድ ቀን አድርጉ አንልም። አንድ ነገር ግን በአስቸኳይ እንለምናለን፣ የመንገድ ፈተናውን ያስቀረው ውሳኔ እኛን ሳትሰሙ እንዳይጸና። በዚህ ወር ውስጥ ቀን ቆርጣችሁ ጥሩን፣ ፍሬኑን በ15 እና በ50 ግቢያችሁ ውስጥ ሜትር ይዘን ፊታችሁ እንለካዋለን፣ ያ ልጅም ይመጣል፣ ልምጣ ብሎናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሞተር ሳይክል አሰልጣኞችና ፈቃድ ያላቸው ሞተረኞች